የፕሮሰሰር ሽምግልና

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዲላ ከተማ ውስጥ ያልሸመገልኩት ጠብ የለም ብል ብዙ አልዋሸሁም። ባልና ሚስት አስታርቄአለሁ። በአንዲት የእንሰት ረድፍ የተጣሉ ወንድማማቾችን አስታርቄአለሁ። በዩኒፎርም ቀለም ለሁለት የተከፈለ የቤተ ክርስቲያን ኳየር እንኳ አስታርቄአለሁ፤ ያ ከሁሉም የባሰ ነበር። ሰላሳ አምስት ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ትዕግሥተኛ ይመስላቸዋል። እኔ ትዕግሥት የለኝም። ቶሎ እናደዳለሁ፣ ቶሎ ይበርድልኛል፤ ሰው የሚያስታውስልኝ ግን ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ስለዚህ ባለፈው ኅዳር አንድ ጠዋት ነጅሙዲን ቤቴ መጥቶ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ለሽምግልና ላስቸግርዎት ነው» ሲለኝ አልገረመኝም። ነጅሙዲን ከመናኸሪያው ጀርባ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለው። አባቱ ከስልጤ መጥተው፣ ጨርቅ ነግደው፣ እዚሁ ወልደው፣ እዚሁ የተቀበሩ ናቸው። እሱም ሃምሳ አምስት ዓመቱን በዚህ ከተማ ኖሮ ከማንም ጋር ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲነጋገር ሰምቼው አላውቅም።

«ከኩልሱም ጋር ተጣላችሁ?» አልኩት። ኩልሱም ሚስቱ ናት።

«ኧረ እሷ ደህና ናት። አትጠገብ ናት እንጂ። ልትለየኝ ነው።»

ሻዩ ትን አለኝ። አትጠገብን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ባሏ ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጨዋ ሴት ናት። «አንተ ሰውዬ!» ብዬ ልጮህበት ስል ነጅሙዲን ገባውና ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«አስተግፊሩላህ! በዕቃ ነው እኮ ጋሼ! በፕሮሰሰር ነው የምትለየኝ!»

አትጠገብ ኮምፒውተር ትሠራለች። ትጠግናለች አላልኩም፤ ትሠራለች። ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት ሰፋ ያለች ክፍል ውስጥ፣ ሳጥኑን ከላሜራ አስቆርጣ፣ የውስጡን ዕቃ ገዝታ፣ ገጥማ፣ ፈትሻ፣ ለትምህርት ቤቶች፣ ለቀበሌዎችና ለቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ትሸጣለች። በዓመት ስልሳ ሰባ ይወጣታል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የማዘጋጃ ቤት ሥራዋን ለቃ ይህን ስትጀምር ከተማው ሁሉ ስቆባታል። እኔም ስቄባታለሁ፣ ምን ልዋሽ። ያልሳቀባት ነጅሙዲን ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ፕሮሰሰሮች አዲስ አበባ ድረስ ራሱ ሄዶ፣ ዝናብ እንዳይነካቸው ጉያው ውስጥ ሸጉጦ ያመጣላት እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ከሌላ ሰው አንድም ወስዳ አታውቅም። በፍቃዱ የሚባለው ባሏ ሲሞት ነጅሙዲን ሱቁን ሦስት ቀን ዘግቶ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው የዋለው። በየሳምንቱም ዕቃ ካለ ዕቃ ይዞ፣ ከሌለም ባዶ እጁን ወርክሾፗ ይሄድና ሻይ ይጠጣል። ኩልሱም ራሷ «አትጠገብ ጋ ደርሰህ ና፤ ስትመለስ ፊትህ ይፈታል» ትለዋለች።

«እና አሁን ምን አለችህ?» አልኩት።

«ከታኅሣሥ ጀምሮ ፕሮሰሰር ከእርስዎ አልወስድም አለችኝ። ሐዋሳ ሮሆቦት የምትባል ልጅ አለች፤ ከእሷ ሌላ ዓይነት ልትወስድ ነው። ለምን ብዬ ብጠይቃት ‹ምንም አይደለም፣ እንዲሁ ልሞክር ብዬ ነው› ብላ መሬት መሬት ታያለች። ጋሼ፣ ወላሂ ገበያው አይደለም የከነከነኝ። ሱቄ በስልክና በቴሌቪዥን ይኖራል። ግን አንድ ነገር ባላጠፋ አትጠገብ ዓይኗን ከእኔ አታሸሽም። ምን አጠፋሁ? እሱን ብቻ ይጠይቁልኝ። ሰው እንዳላጣ ነው የፈራሁት።»

ከቤቴ ሲወጣ እኔ በልቤ ፈርጄ ጨርሼአለሁ። አትጠገብ ጥፋተኛ ናት። የዛሬ ሰው ደህና ነገር ይዞ አዲስ ካየ አያስችለውም፤ ስልክ በየዓመቱ፣ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ይቀይራል። አሁን ደግሞ ነጅሙዲንን የመሰለ ሰው ትቶ ሐዋሳ! ማታውኑ ለአትጠገብ ደውዬ በነጋታው ሃጂ አብዱልአዚዝ ቤት እንድትቀርብ ነገርኳት። «እሺ ቲቸር» አለች፤ ድምፅዋ ደከም ያለ ነበር።

ሃጂ አብዱልአዚዝ ሰማንያ አልፏቸዋል። የነጅሙዲን አባት ጓደኛ ናቸው፤ ዲላ ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም ነገር ሲጠናበት የሚሄደው እሳቸው ጋ ነው። ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን። አትጠገብ ከግድግዳው ተጠግታ፣ ነጅሙዲን ከበሩ ተጠግቶ፣ ሁለቱም ጣታቸውን እየቆጠሩ።

«በመጀመሪያ» አሉ ሃጂ፣ «ይሄ ያጣላችሁን ነገር አሳዩኝ።»

አትጠገብ ከቦርሳዋ ሁለት ትናንሽ ነገሮች አውጥታ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። አንደኛው ከክብሪት ሳጥን ያነሰ፣ አናቱ ብረት የሆነ፤ ሁለተኛው ከጥፍር ብዙም የማይበልጥ ጥቁር ነገር በአረንጓዴ ሰሌዳ ላይ የተጣበቀ።

«ኮምፒውተሩ የሚያስበው በዚህ ነው ሃጂ። የብረቱ የጋሽ ነጅሙ ነው። ጥቁሯ አዲሷ ናት።»

«ይህችን ታህል ነገር ናት ሁለት ትልልቅ ሰው ያጣላችው?»

«አልተጣላንም» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

ነጅሙዲን ክርክሩን ደህና አድርጎ አዘጋጅቶት ነበር። እሱ ዘንድ መለዋወጫ ሁልጊዜ መደርደሪያ ላይ አለ፤ ሮሆቦት ንግድ ከጀመረች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፣ ነገ ብትተወው አትጠገብ በአንድ እግሯ ትቀራለች። በዚያ ላይ በቀድሞው ፕሮሰሰር የሚሠራ ፕሮግራም በአዲሱ አይሠራም፤ ሁሉም እንደገና መጻፍ አለበት። ይህን ሲል እኔ ጭንቅላቴን በኃይል እየነቀነቅኩ ነበር፣ ሽማግሌ እንዲህ ማድረግ እንደሌለበት እያወቅኩ።

«እውነቱን ነው?» አልኳት።

«እውነቱን ነው ቲቸር። የቡና ጣቢያዎቹን የሚዛን ፕሮግራም እንደገና ለመጻፍ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል።»

«ስምንት ወር! እና ይህን ሁሉ መከራ ምን አመጣው? ነጅሙዲን ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፉም።»

«ታዲያ ለምን?»

ዝም። ያን ዝምታዋን አውቀዋለሁ። አሥረኛ ክፍል ሳለች ጎኗ የተቀመጠችው ልጅ ከእሷ ስትቀዳ ይዣቸው፣ ጥፋቱን በሙሉ በራሷ ላይ አድርጋ እንዲህ ዝም ብላኛለች። ይህን ሳስታውስ ንዴቴ ትንሽ ቀዝቀዝ አለ። አንድ ነገር ደብቃለች፤ የደበቀችውም ለራሷ ብላ አይደለም።

«ሃጂ» አልኩ፣ «ሰው በድንበር ሲጣላ ሽማግሌ ምን ያደርጋል? ድንበሩ ድረስ ሄዶ ያያል። ይሄ ዕቃ የሚሠራበት ቦታ ሄደን እንይ።»

ሃጂ ከዚህ ምንጣፍ ለመነሳት ሰበብ ሲፈልጉ የቆዩ ይመስል ወዲያው ምርኩዛቸውን አነሱ።

በነጅሙዲን ፒክአፕ አራታችን ተጨናንቀን፣ በወናጎ አልፈን፣ ይርጋጨፌን ተሻግረን ኮንጋ ስንደርስ አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ማጠቢያ ጣቢያው የቡና ለቀማ ሰሞን ላይ ነበር። የማድረቂያ አልጋዎቹ ከዳር እስከ ዳር ተሞልተው ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመው ቡናውን ያገላብጣሉ፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ከቡናው ላይ የሚረግፈው ስስ ቅርፊት እየተነሳ ልብሳችን ላይ ያርፋል። የሚዛን ቤቱ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ ጣራዋ ላይ ሶላር አለ። የመብራት መስመር እዚያ ድረስ አልገባም። ሚዛኑንና ኮምፒውተሩን የሚይዘው አማኑ የሚባል የጌዴኦ ልጅ ነው፤ ልጅ እላለሁ እንጂ የሦስት ልጆች አባት ነው። አትጠገብን ሲያይ ጥርሱ በሙሉ ወጣ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኮምፒውተር ጎን ለጎን ተቀምጧል። አንደኛው የቆየው፣ የነጅሙዲን ፕሮሰሰር ያለበት፤ ፋኑ ይጮኻል። ሁለተኛው ባለፈው ዓመት አትጠገብ ለሙከራ ያመጣችው ትንሽ ሳጥን፤ ድምፅ የለውም። በቆየው ኮምፒውተር ጀርባ ሙቅ አየር በሚወጣበት በኩል አማኑ አንድ እፍኝ የታጠበ ቡና በወረቀት ዘርግቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ናሙና ነው ጋሼ። ፀሐይ ከሌለ ይቺ ታደርቃለች። ይቺ አሮጌው ጥሩ ነው! ጠዋት ጠዋት ጉም ሲሆን እጅ እንሞቃለን። ያቺ አዲሱ ግን ቀዝቃዛ ናት፤ ሰው አታሞቅም።»

ነጅሙዲን በድል አድራጊነት ወደ እኔ ዞረ። እኔ ግን እጄን አሮጌው ሳጥን ላይ አደረግሁና ወዲያው አነሳሁት። ይፋጃል። ከዘጠነኛ ክፍል የመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ያስተማርኩት ነገር ነው፤ ኃይል አይጠፋም፣ መልኩን ይለውጣል። ይህ ሁሉ ሙቀት ከየት መጣ? ከባትሪው ነዋ። ሶላሩ ቀኑን ሙሉ ከሰማይ የለቀመውን ይሄ ዕቃ የአማኑን ጣቶች ያሞቅበታል።

«ስንት ዋት ነው የሚበላው?» አልኳት አትጠገብን።

«ፕሮሰሰሩ ብቻውን ስልሳ አምስት። አዲሷ ስድስት።»

ስልሳ አምስትና ስድስት! ያን ጊዜ ነው አቋሜ መንሸራተት የጀመረው፤ ለማንም ግን አላሳየሁም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ገበሬው መምጣት ጀመረ። ሰው ቀኑን ሙሉ ሲለቅም ውሎ ቀይ ቡናውን ይዞ የሚደርሰው በዚያ ሰዓት ነው፤ ከዳገቱ የእግር መንገዶች ላይ ሴቶች ጆንያ አዝለው፣ ወንዶች በሞተር ጭነው ይወርዳሉ። አማኑ አምስት ሰው እንኳ መዝኖ ሳይጨርስ ፋኑ ጩኸቱን ጨመረ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ዝም አለ። ስክሪኑ ጠቆረ። አንዲት ነጠላዋን በግንባሯ ያሰረች ሴት ጆንያዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ «ዛሬም ሞተ?» አለች። መልስ አልጠበቀችም፤ መልሱን ታውቀዋለች።

አማኑ አልተረበሸም። የሚዛኑን ገመድ ነቅሎ ትንሿ ሳጥን ላይ ሰካና መመዘኑን ቀጠለ። ሃጂ አብዱልአዚዝ ቀስ ብለው መዳፋቸውን ሳጥኗ ላይ አደረጉ።

«ይሄም ጠፍቷል።»

«ኧረ እየሠራ ነው ሃጂ» አለች አትጠገብ። «አይሞቅም። ስለማይሞቅ ፋን አያስፈልገውም። ፋን ከሌለው ደግሞ እንደዚያኛው የቡና ቅርፊት እየሳበ አይታፈንም።»

ሃጂ መዳፋቸውን ሳያነሱ ብዙ ቆዩ። አማኑ ደግሞ ይህን ሁሉ ሽማግሌ ያመጣው ጉዳይ ምን እንደሆነ ማን ነግሮት፣ ሊያሞግሳት ብሎ እንዲህ አለ፤ «እሷ እኮ ጥሩ ሰው ነው። ይሄ አሮጌው ሲቃጠል ሲቃጠል በራሷ ብር ትቀይራለች። እኛ ጋ አራት ጊዜ፣ ሬኮ ጣቢያ አምስት፣ ኢዲዶ ጣቢያም አለ። ‹ለጋሽ ነጅሙ እንዳትነግሩ፣ ያዝናሉ› ትላለች።»

አትጠገብ ዓይኗን ጨፈነች። ነጅሙዲን አማኑን አየ፣ አሮጌውን ሳጥን አየ፣ አትጠገብን አላየም። ወጥቶ መኪናው ውስጥ ገባ። ተከትለነው ገብተን ወደ ዲላ ተመለስን።

ዓርብ ጠዋት፣ ጁምዓ ሳይደርስ፣ አትጠገብ ወርክሾፕ ተሰበሰብን። ነጅሙዲን ሰላምታም ሳይሰጥ «አምጪው» አላት። ምኑን ብላ አልጠየቀችም። ከሥራ ጠረጴዛዋ ሥር አንድ ካርቶን ጎትታ አወጣች። ውስጡ ሃያ ስድስት የተቃጠሉ ፕሮሰሰሮች ነበሩ፤ እያንዳንዱ በትንሽ ፌስታል ተጠቅልሎ ላዩ ላይ ቦታና ቀን ተጽፎበታል። ነጅሙዲን መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ።

«ኮንጋ፣ ጥር አሥራ ሁለት።» ቀና አለ። «ይህቺ እናቴ የሞተች ሳምንት ናት።»

«አዎ።»

«ሬኮ፣ ኅዳር ስድስት። ይህቺ ደግሞ ኑሰይባን የዳርን ሰሞን ናት።»

«ልጅዎን ሊድሩ ሲዘጋጁ እንዴት ብዬ?»

«ኢዲዶ፣ ታኅሣሥ ሦስት። ያን ጊዜስ ምን ነበረብኝ?»

«ምንም አልነበረብዎትም። ደስ ብሎዎት ነበር የመጡት። ሙዝ ይዘውልኝ መጥተው ነበር።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ሙዝ ይዞ ለመጣ ሰው ‹ዕቃህ ተቃጠለ› ይባላል?»

ነጅሙዲን ካርቶኑን ገፋው። ከሃምሳ አምስት ዓመት በኋላ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

«ይባላል! ለምን አይባልም? ዋስትና አለው እኮ! ለአስመጪው መልሼ ‹ይሄ ዓይነት ቡና ጣቢያ አይሆንም፣ ሌላ ዓይነት አምጣ› እለው ነበር! አራት ዓመት ሙሉ ‹ደንበኛዬ ደስ ብሏታል፣ ያንኑ ላክልኝ› ስለው ኖርኩ! እኔ ምንሽ ነኝ አትጠጌ? ክፉ ወሬ የማይነገረኝ በሽተኛ ነኝ?»

አለቀሰች። እኔ ጣልቃ ልገባ ስል ሃጂ በምርኩዛቸው ጉልበቴን ነካ አደረጉኝ። ዝም በል ማለታቸው ነው። ለእኔ ከባድ ነገር ነው፣ ግን ዝም አልኩ።

አትጠገብ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠራርጋ ሌላ ፕሮሰሰር ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና ፊቱ አደረገችው። «እርስዎስ?» አለች ቀስ ብላ። «ይህቺ ባለፈው ወር የሰጡኝ ናት። ሲሰጡኝ ከአናቷ ላይ፣ ከፋኑ ጋር የሚያያይዘው ሙጫ ደርቆባት ነበር። አዲስ ዕቃ ሙጫ የለውም። ከሌላ ኮምፒውተር ላይ የተነቀለች ናት።»

ነጅሙዲን ፊቱ ልውጥ አለ። ሱቅ ውስጥ ሲሰርቅ የተያዘ ሰው እንዲህ አያፍርም።

«አስመጪው ማምጣት ካቆመ ዓመት ተኩል ሆኖታል» አለ መሬቱን እያየ። «መርካቶ ከሱቅ ሱቅ እየዞርኩ ነው የምለቅመው። አንዳንዴ አዲስ አገኛለሁ፤ አንዳንዴ ያገለገለ። ‹የለም› ልበልሽ ብዬ ስንት ጊዜ እዚህ በር ድረስ መጥቻለሁ። የለም ብልሽ ሥራሽ የሚቆም መሰለኝ። አንቺ ግን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ሙጫውን ጠርጌ እገጥመው ነበር።»

«እና ዝም አልሽ?»

«እርስዎም ዝም አሉ።»

ከዚህ በላይ መታገስ አልቻልኩም። ተነሳሁ። «እናንተ ሰዎች ምንድን ናችሁ?» አልኩ። «አንዷ የሞተውን ትደብቃለች፣ አንዱ የሌለውን አለ ይላል! ለእሱ ብላ፣ ለእሷ ብሎ! ይሄ ይሉኝታችሁ ከስልሳ አምስቱ ዋት በላይ ነው የሚያቃጥለው! እናንተ እዚህ ስትዛዘኑ ያቺ ኮንጋ ያለች ሴት ጆንያ አዝላ ትቆማለች! ፍቅር ነው ትሉኛላችሁ፤ ፍቅር መሆኑን አይቻለሁ፣ ዕውር አይደለሁም! ግን እንዲህ ዓይነቱን ፍቅር ፈተና ላይ ብትጽፉልኝ ዜሮ ነው የምሰጣችሁ!»

ከተናገርኩ በኋላ እንደ ልማዴ በረደልኝ፤ ተቀመጥኩ። ሃጂ አብዱልአዚዝ ሳቅ ይዟቸው ጺማቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ፕሮሰሰሩ ይቀየር» አሉ። «እኔ በእጄ ነክቼአለሁ፤ የማያቃጥል ነገር ይሻላል። ሮሆቦትም ብትሆን የሰው ልጅ ናት፣ ትጠየቅ፤ መለዋወጫ በመደርደሪያ ትያዝ፣ ቃል ትግባ። ነጅሙዲን፣ አንተስ ምን ትፈልጋለህ?»

ገመዱን፣ ስክሪኑን፣ ሶላሩን እሱ እንዲያቀርብ ይለምናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሱንማ አትጠገብ ሳትጠየቅ እሺ ትለው ነበር።

«የተበላሸ ነገር ሲኖር ንገሪኝ» አላት። «የእኔ ከሆነ ሳትለሰልሺ ንገሪኝ። የሌላ ሰው ዕቃ ቢሆንም ንገሪኝ። ዕቃውን እርሺው። እንደ በሽተኛ አታስታምሚኝ።»

«እሺ» አለች። ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ ሃጂ ዱዓ አደረጉ፣ እኔ ጸለይኩ፣ ተለያየን።

እውነቱን ለመናገር አላመንኳትም። በሽማግሌ ፊት እሺ ማለት ቀላል ነው፤ ሰው በአንድ ዓርብ ጠዋት ጠባዩን አይቀይርም። ታኅሣሥ ገባና ጥቁሮቹ ፕሮሰሰሮች ከሐዋሳ መጡ፤ ነጅሙዲን ደግሞ ለእነሱ የሚሆን ቻርጀርና ገመድ ላከላት። ራሱ ግን አልሄደም። በመጀመሪያው ሳምንት የሱቅ ሥራ በዛብኝ አለ። በሁለተኛው ኩልሱምን ጉንፋን ያዛት። በሦስተኛው ሰበብ ሲያልቅበት እኔ ቤት መጥቶ ሻዩን እያማሰለ ተቀመጠ፤ ስልኩን በየደቂቃው ገልበጥ አድርጎ ያየዋል።

«ለምን አትሄድም?» አልኩት።

«ዕቃው መልካም ሆኖላት ይሆናል። ምን ብዬ ልሂድ ጋሼ? የምትፈልገኝ እንደሆነ እኮ...»

ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸ። ከእጁ ሊያመልጠው ነበር። አትጠገብ ናት፤ ከኢዲዶ ነው የምትደውለው። ስልኩን ጆሮው ላይ ቢለጥፈውም ድምፅዋ እኔ ድረስ ይሰማል።

«ጋሽ ነጅሙ! የላኩልኝ ቻርጀር አይረባም! ሦስቱ ተቃጥለዋል! ገበሬው ተሰልፎ ቆሟል፣ እኔ መሐላቸው ቆሜ አፍሬአለሁ! ሲገዙት አላዩትም? እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ይላካል?»

ነጅሙዲን ከወንበሩ ተነሳ። «አይረባም?» አላት።

«አይረባም አልኩ እኮ! ለማንም እንዳይሸጡት!»

«እሺ። እሺ አትጠጌ። የተሻለ አለ፣ ከመደርደሪያ አንስቼ አሁኑኑ መጣሁ። ተናገሪ፣ አልዘጋሁም፣ ሌላስ ምን ተበላሸ?»

በአንድ እጁ ጫማውን እየፈለገ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ሞልቷል፣ አፉ ግን እስከ ጆሮው ተከፍቶ ይስቃል።

«ሰሙ ጋሼ? አይረባም አለችኝ!»

ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ ወጣ፤ የግቢውን በር እስኪያልፍ ድረስ የአትጠገብ ቁጣ ይሰማኝ ነበር።